ገለጉ ላይ ቤት ስትከራዩ ሌሊቱን የት እንደምታሳልፉ አስቡ

ዛሬ የምንነጋገረው ከደጋ ወደ ቆላ ስለሚዘዋወሩ ወጣት ባልና ሚስቶች ነው። ከጎንደር፣ ከደባርቅ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ ቋራና መተማ ቆላ፣ ማለትም ወደ ገለጉ፣ ወደ ገንዳ ውሃ ወይም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚመጡትን ማለቴ ነው። እሱ መምህር፣ እሷ ነርስ፤ ወይም እሷ የባንክ ሠራተኛ፣ እሱ የግብርና ባለሙያ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አገሩን አያውቁትም፤ ዘመድም የላቸውም። ከመናኸሪያ ወርደው ዕቃቸውን አንድ ቦታ እንዳስቀመጡ የመጀመሪያው ጉዳያቸው ቤት መፈለግ ነው።

በደጋ ከተማ ደላላ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ስንት ብር ነው? ከሥራ ቦታ ይርቃል? ውሃና መብራት አለው? አከራዩ ግቢው ውስጥ ነው የሚኖረው? እነዚህ ጥያቄዎች ገለጉ ላይም መጠየቃቸው አይቀርም። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ሌላ ነው፦ ሌሊቱን የምናሳልፈው የት ነው? በቋራና በመተማ ቆላ ጤና የሚያሳጡ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የቀኑን ትኩሳት ይዞ የሚያመሽ ቤት፣ የወባ ትንኝ እና ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ፣ አንድ ላይ የሚገናኙት ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ቀን ቀን መምህሩ ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ ጤና ጣቢያ ናቸው። ቤቱ በዋናነት የሚያገለግላቸው ማታ ነው። ስለዚህ ቤቱ መመዘን ያለበት በሌሊቱ ነው።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። የደጋው ገበሬ በጥንት ዘመን ቆላ ወርዶ ሲያርስ ውሎ ለመኝታ ወደ ከፍታው ይመለስ የነበረው ንዳድን ስለሚፈራ ነው። ስለ ትንኝ የተማረው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ቆላ ውሎ መመለስና ቆላ ማደር የተለያዩ መሆናቸውን ከሕይወት ተምሯል። ዛሬ ለሥራ የመጣ ሰው በየማታው ወደ ደጋ መመለስ አይችልም። ያንን ከፍታ የሚተካለት የሚከራየው ቤት ነው።

እንግዲህ ከሙቀቱ እንነሣ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የዚህ አካባቢ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ቤቱን ጠዋት በ2 ሰዓት ሄዳችሁ ካያችሁት ሁሉም ቤት ደህና ይመስላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተመለሱና እዩት። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣራ ቀን የተቀበለውን ሙቀት በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ኮርኒስ ካለውና በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚተላለፍበት ቦታ ከተተወለት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የብሎኬት ግድግዳ ሲታይ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ከሆነና ጥላ ከሌለው ግን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፋ ያመሻል። እጃችሁን በምሽት ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ትኩስ ከሆነ አልጋችሁን የምታስጠጉት ወደ ትኩስ ግድግዳ ነው ማለት ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ በምዕራብ በኩል የኒም ዛፍ የተተከለለት ያረጀ ቤት ከአዲሱ ብሎኬት ቤት ሊሻል ይችላል። ይህን የምለው በሙሉ እምነት ነው፤ ለመልኩ ሲባል የተመረጠ ቤት በመጀመሪያው መጋቢት ያስመርራል።

ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ይተኛል። ልማዱ የአገሩ ነው፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ስለዚህ ስትከራዩ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ግቢውንም እንደ መኝታ ክፍል ተመልከቱት። አልጋ የምትዘረጉበት ቦታ የት ነው? አጎበር የሚታሰርበት ምሰሶ ወይም ዳስ አለ? ከጎረቤት በረት ምን ያህል ይርቃል? ጠረፍ አካባቢ ነውና አጥሩስ ለአንዲት ሴት በውጭ ለመተኛት የሚያስተማምን ነው? ባል ለሥልጠና ወይም ለፈተና ጥበቃ ሲወጣ ሚስት ብቻዋን የምታድርበት ሌሊት ይኖራል፤ በዚህ ጥያቄ ላይ የእሷ ቃል ቢቀድም ተገቢ ነው።

ወደ ወባ ስንመጣ፣ ደገኛ እንግዳ ከአከራዩ ይልቅ ተጋላጭ መሆኑን ማወቅ አለበት። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ስለታመመ ሰውነቱ በከፊል ተለማምዷል። አከራይዋ «ልጄ፣ ወባ እኮ እንደ ጉንፋን ናት» ቢሏችሁ የራሳቸውን እውነት መናገራቸው ነው። ለእናንተ ግን አይሠራም፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም። ወባ በእርግዝና ላይ ከባድ የደም ማነስ፣ ጽንስ ማስወረድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን መውለድ ታስከትላለች። አዲስ ተጋቢዎች ቤት ሲመርጡ የሚመርጡት ለሚመጣው ልጅም ጭምር ነው። በሽታው በአገር ደረጃ ምን ያህል እንደ ተነሣ ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን ቁጥር እንጥቀስ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል።

የወባ ትንኝ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው የረጋ ውሃ ውስጥ ነው። ጭቃ ለግድግዳ የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ ያጠራቀመው ውሃ፣ የቦኖ ፍሳሽ፣ ክረምት ሲያልፍ ወንዝ ዳር የሚቀሩ ኩሬዎች ለእርሷ በቂ ናቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ክፉው ነው። ቤት የምታዩት በበጋ ከሆነ ጉድጓዱ ደረቅ ስለሚሆን አያስፈራም። ጎረቤት መጠየቅ ያሻል፦ «እትዬ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው የሚተኛው የት ነው? እስከዚህ ቤት ይደርሳል?» እሳቸው በጣታቸው ያሳዩአችኋል። ግድግዳው ላይም የጎርፍ መስመር ካለ ይታያል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር። አከራይ አዲስ ተከራይ ሲመጣ ቤቱን አሳምሮ ይለቀልቃል ወይም ቀለም ይቀባል፤ በጎ አሳቢነት ነው። ነገር ግን የወባ መከላከያ ኬሚካል በዚያ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ከነበረ አዲሱ ልቅለቃ ሸፍኖታል፤ ግድግዳው ላይ የምታርፈው ትንኝ ከዚያ ወዲያ አትሞትም። ስለዚህ «የዘንድሮው ርጭት መቼ ተረጨ? ከዚያ ወዲህ ተለቅልቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የዋጋውን ያህል አስፈላጊ ነው። ርጭቱ ከመድረሱ በፊት አስለቅልቁ፤ ከተረጨ በኋላ ግን የኬሚካሉ ጊዜ እስኪያልፍ ግድግዳውን አትንኩ።

መስኮትና በር ላይ ወንፊት ማስመታትስ? አርባ ምንጭ አካባቢ በተደረገ ጥናት በርና መስኮታቸው በወንፊት በተሸፈነ ቤቶች ውስጥ የዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ብዛት 40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ወጪው የአንድ ጊዜ ነው፤ የአካባቢው አናጺ ይሠራዋል። በሙቀት ጊዜ መስኮት ከፍቶ ለመተኛትም ያስችላል። በግድግዳውና በጣራው መገናኛ ላይ ያለው ክፍተት ክፍት ከሆነ ግን ትንኟ በዚያ ስለምትገባ እርሱም በወንፊት ይሸፈን፤ በጭቃ መድፈኑ አየሩን ያፍነዋል። ወንፊቱ ቢኖርም አጎበሩ አይቀርም። በኬሚካል የተነከረው አጎበር 3 ዓመት ወይም እስከ 20 እጥበት እንዲያገለግል የተሠራ ነው፤ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ካላዛር ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከደጋ የሚመጡት ጥንዶች ስለ ወባ ሰምተዋል፣ ስለዚህኛው ግን ብዙዎቹ ምንም አያውቁም። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆን፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። ስትመጣ ድምፅ የላትም። ተራውን፣ ኬሚካል ያልነካውን አጎበር በቀዳዳው ማለፍ ትችላለች፤ የተነከረ አጎበር ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀን ቀን የምትደበቀው በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ፣ በኩይሳ፣ በግራር ግንድ ሥር፣ በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ነው። የመተማና የቋራ ሜዳ ደግሞ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈርና ግራር የሞላበት ነው።

በ1997 ዓ.ም. ካላዛር ከቆላው ወጥቶ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። በሽታው ወደዚያ የደረሰው ለጉልበት ሥራ ወደ ሑመራና መተማ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት ሳይሆን እንደማይቀር ባለሙያዎች አመልክተዋል። ከዚያ በኋላ ማን ይበልጥ እንደሚያዝ ሲመረመር ከተገኙት ነገሮች መካከል ቀን ግራር ሥር መተኛትና ማታ ከቤት ውጭ ማደር ነበሩ። ይህን ካወቃችሁ ግቢ ስትመርጡ ዓይናችሁ የሚሄድበት ይለወጣል። ለጥላዋ ሲባል የምትወደደው ግራር ቀንም ሆነ ማታ ለመኝታ አትሆንም። ግቢው ውስጥ ወይም አጥሩ ሥር ኩይሳ ካለ እንዲፈርስ ጠይቁ። አልጋ የሚዘረጋበትን መሬት ስንጥቁን በአሸዋና በጭቃ ደፍኖ መደምደም የአንድ ቀን ሥራ ነው። የቤቱን ግድግዳ ስንጥቅ ደግሞ ከመግባታችሁና ከርጭቱ በፊት አስደፍኑ።

በሽታው ራሱን ወዲያው አያሳይም። ከተነከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ሰው ወባ መስሎት መድኃኒት እየወሰደ ሊቆይ ይችላል፤ ያልታከመ ካላዛር ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ትኩሳት ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ የወባ ምርመራውም ነጻ ካለ፣ «ለካላዛር መርምሩኝ» በሉ። ገንዳ ውሃ ላይ የመተማ ሆስፒታል፣ ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሕክምናውን ይሰጣሉ፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው።

ይኸው ጥቁር አፈር በቤቱ ላይም ሥራውን ይሠራል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል፤ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የወጣ ሰፊ ስንጥቅ፣ የማይገጥም በር፣ የወረደ ደፍ ካያችሁ የአፈሩ ነገር መሆኑን ዕወቁ። ለእንጨት ቤት ደግሞ ምስጥ አለ። ማገሩንና ቋሚውን በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ ውስጡ ዱቄት ከሆነ ያ ቤት የክረምቱን ነፋስ ላይችለው ይችላል።

የውሃውን ነገር አጭር ላድርገው። ቧንቧ መኖሩን ሳይሆን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ፤ የማጠራቀሚያ ሮቶ ወይም በርሜል የሚቀመጥበት ጥላ ይኑር፣ ክዳኑም የሚገጥም ይሁን። ሽንት ቤቱ ከጉድጓድ ውሃው በታች በኩል መሆኑን እዩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ ኮሌራ ተከስቶ ስለነበር የመጠጥ ውሃን ማከም ለዚህ አገር ነዋሪ የየዕለት ሥራ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ የአንድና የሁለት ወር እህል የምታስቀምጡበት ደረቅ ጥግ ያለው ቤት ይመረጣል።

ባልና ሚስት የተመደቡት በሁለት ከተማ ከሆነስ? እሱ ገለጉ፣ እሷ ገንዳ ውሃ ብትሆን፣ መሐል ላይ ቤት እንከራይ የሚል ሐሳብ ይመጣል። በእኔ እምነት ይህ አይመከርም። ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ሁለቱም ከሥራቸው ይቀራሉ። ሆስፒታሉና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ያሉት ገንዳ ውሃ ስለሆነ፣ በተለይ እርግዝና ካለ ዋናው ቤት እዚያ ይሁን፤ ገለጉ ላይ ያለው ከሥራ ባልደረባ ጋር አንድ ክፍል ይጋራ፤ የዝውውሩም ማመልከቻ በጊዜ ይግባ።

ዋጋውና ውሉ ከሰሊጡ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚረግፍ አጨዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከደጋው ሁሉ የቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴና ሹፌር ወደ ከተሞቹ ይጎርፋል፤ ክፍል ፈላጊው ይበዛል። በበጋው መጨረሻ በቃል የተከራያችሁት ቤት በጥቅምት «ጨምሩ ወይም ልቀቁ» ሊባልበት ይችላል። መከላከያው በጽሑፍ የሆነ፣ የአጨዳውን ወቅት ተሻግሮ የሚሄድ ውል ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ በምትኖሩበት ከተማ መሥራት አለመሥራቱን ከማዘጋጃ ቤቱ አረጋግጡ። ባይሠራም እንኳ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ የሆነ ውል ምን እንደሚመስል ያሳያልና አርአያ አድርጋችሁ ጻፉበት። ወንፊቱን፣ የስንጥቁን ደፈና፣ የኩይሳውን ማፍረስ ማን እንደሚያሠራና ወጪው ከኪራይ እንደሚታሰብ ወይም እንደማይታሰብ በውሉ ላይ ይስፈር።

ውሉ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። በባል ስም ብቻ የተጻፈ ውል፣ ባል በተዛወረ ወይም በታመመ ማግስት ሚስትን «ከአንቺ ጋር የተዋዋልነው ነገር የለም» ያሰኛል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ተደንግጓል፤ የኪራይ ውል ደግሞ የአዲስ ትዳር የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። ሁለት ቤት አያችሁ እንበል፤ አንዱ በወር 1,500 ብር፣ ወንፊትና ኮርኒስ የሌለው፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፤ ሌላው 2,200 ብር፣ ከፍ ባለ መሬት ላይ ያለ፣ ኮርኒስና ወንፊት ያለው። ልዩነቱ በወር 700 ብር ነው። ከሁለት አንዳችሁ በወባ አንድ ሳምንት ብትተኙ የትራንስፖርቱ፣ የመድኃኒቱ፣ የምግቡ ወጪና የጠፋው የሥራ ቀን ያንን የብዙ ወር ልዩነት ሊበላው ይችላል። የበረሃ አበል የሚከፈላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ያ ገንዘብ የተሰጣችሁ ለዚሁ አየር ንብረት ነው። ወደ ቤተሰብ የምትልኩትን ከደመወዛችሁ ላኩ፤ አበሉን ግን ለወንፊት፣ ለአጎበር፣ መብራት ሲኖር ለሚሠራ ቬንትሌተር አውሉት።

የመጨረሻው ቃሌ ለገለጉ፣ ለገንዳ ውሃና ለመተማ ዮሐንስ አከራዮች ነው። ከደጋ የምትመጣው አዋላጅ ነርስ ልጃችሁን የምታዋልድ ናት፤ መምህሩም ልጆቻችሁን የሚያስተምር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ታመው ከወደቁ በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱም እንደገና ሰው ያጣሉ። እባካችሁ ሰኔ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለግድግዳ ጭቃ የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ሙሉት፣ የሚከራየውን ክፍል መስኮት በወንፊት አስመቱ፣ ርጭት የሚያካሂዱት ሠራተኞች ሲመጡም የተከራዮቻችሁን በር ክፈቱላቸው።